የባልትና ሱቄን በትንሽ ብር ላስተዋውቅ፤ ጽሑፌን እዩልኝ (ጎንደር)

ባልትና_ጎንደር · ጥቅምት 8

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ ከእናቴ ጋር ትንሽ የባልትና ሱቅ ከፍተናል። ስምንት ወራችን ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አብሽ፣ የወጥ ቅመም እንሸጣለን። እናቴ ባልትና መሥራት ከጀመረች 30 ዓመት አልፏታል። ሥራው ላይ ችግር የለብንም። አንዴ የገዛ ሰው ተመልሶ ይመጣል። አዲስ ሰው ግን አይመጣም።

ግንቦት ላይ 6,000 ብር አውጥተን ባነር አሠራን፣ 1,000 በራሪ ወረቀት አሳተምን። ፒያሳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ቆሜ አደልኩ። በማግስቱ ጃንተከል አካባቢ መሬት ላይ ሲረገጥ አየሁት። በዚያ ወረቀት የመጣው ሰው አራት ነው። ለገዢ ሁሉ «በምን ሰማችሁ?» እያልኩ በደብተር ስለምጽፍ አውቃለሁ።

ወረቀቱ ላይ ያልኩት ይኼ ነበር፦

«ታላቅ የምሥራች ለጎንደር ከተማና አካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ! ጥራታቸውን የጠበቁ፣ በዘመናዊ መንገድ የተዘጋጁ የተለያዩ የባልትና ውጤቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ አቅርበንልዎታል። ይምጡና ይጎብኙን! ደንበኛ ንጉሥ ነው!»

አሁን ለማስታወቂያ የሚወጣ ብር የለንም። መጻፍ ግን እወዳለሁ፣ ጊዜም አለኝ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ምን ልጻፍ? ወዴትስ ልላከው?

ማራኪ_ካምፓስ · ጥቅምት 8

እህቴ፣ ቴሌግራም ቻናል ክፈቺ። ነጻ ነው። እኛ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ሽሮ በሩብ ኪሎ ነው የምንፈልገው። ኪሎ ካልሆነ የማይሸጥ ይመስለን ስለነበር ባልትና ቤት አንገባም። ሩብ ካላችሁ ያንን ጻፊ፣ ዋጋውንም ጻፊ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ፖስት ሳይ እኔ አልፈዋለሁ።

የአዘዞ_ነጋዴ · ጥቅምት 8

ጽሑፍ ሽሮ አይሸጥም። አዘዞ ላይ እህል ስሸጥ 17 ዓመቴ ነው። ሰው የሚገዛው አይቶ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ ነው። በርበሬ ላይ ደግሞ ሰው ተቃጥሏል። ቀይ አፈር፣ የተፈጨ ጡብ እየተቀላቀለ ሲሸጥ ሰምቷል። ወረቀት ላይ «ጥራት» ብትይው እንዴት ይመንሽ? የቀላቀለውም ሰው «ጥራት» ነው የሚለው። ደጅሽ ላይ ቁሚና አስቀምሺ። ብዕሩን ተዪው።

የሬዲዮ_ሰው · ጥቅምት 9

እህቴ፣ የኤፍ ኤም ጣቢያ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ወጥቻለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ ስንት ወረቀት እንዳለፈብኝ ትዝ አለኝ። ከሱቅ፣ ከሆቴል፣ ከልብስ ስፌት ቤት የሚመጣው ሁሉ ያንቺን በራሪ ወረቀት ይመስል ነበር። «ዜና ሥሩልን» ይላል፣ ውስጡ ግን ማስታወቂያ ነው። ወደ ማስታወቂያ ክፍል እናስተላልፈዋለን። እነሱ ደውለው ዋጋ ይነግሩታል። በዚያው ይቀራል።

ክፋት አይደለም። አዘጋጅ ወረቀት ሲያነብ የሚያስበው አድማጩን ነው። «ይህን የሰማ ሰው ምን ይጠቀማል? ለጎረቤቱ ምን ብሎ ያወራል?» ይላል። ያንቺ ወረቀት ስለ ሱቅሽ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ስለ ሱቅሽም ቢሆን የነገረን ነገር የለም። «ባልትና» የሚለውን አውጥተሽ «ጫማ» ብትከቺበት አንድም ቃል መቀየር አያስፈልገውም። እስኪ ሞክሪው።

የድሮ አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የማስታወቂያ ትምህርት የለም። ነጋሪቱን የሚሰማው አደባባይ ላይ ያለው ነው፣ ወሬውን ቤት የሚያደርሰው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ወሬው አፍ ላይ የሚያዝ መሆን አለበት። «ጥራቱን የጠበቀ» ቡና ላይ ተወርቶ ያውቃል? «እዚያ ያሉት ሴትዮ በርበሬን በውሃ ፈትነው ያሳያሉ» ግን ይወራል።

የአዘዞው ወንድሜ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ሰው አይቶ ነው የሚያምነው። እንግዲያው ማየቱን ራሱን ዜና አድርጊው። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ሲመርጡ ምን ያያሉ? ጠይቂያቸውና እሳቸው ያሉትን ጻፊልን። ጾሙ ከመግባቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ደጃችሁ ላይ ለማንም በነጻ ያሳዩ። ያኔ ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ ሰው ያለው፣ አድማጭን የሚጠቅም ነገር ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ቢደርሰኝ እኔ ራሴ እደውል ነበር።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለው የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይለቅ፤ አዘጋጅ ቢቸኩል ከታች ነው የሚቆርጠው። ቀጥሎ የእናትሽ ንግግር በራሳቸው አፍ ይግባ። የሱቁ ስም አንዴ ይበቃል። መጨረሻ ላይ የምትመልሺው ስልክና የምትገኚበት ሰዓት ይኑር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ጽፎ ልኮ ስልኩን ይዘጋል።

ለዜና ክፍል ሳይሆን የቤተሰብ ወይም የጤና ፕሮግራም ለሚያዘጋጀው ሰው ስሙን ጠይቀሽ ላኪ። ከአሥር ቀን በፊት ይድረሰው። በሁለተኛው ቀን ደውይና «ደርሶዎታል?» በይ። ባሕር ዳር ለሚዘጋጀው በኩር ጋዜጣም ላኪ፤ ጋዜጣ ግን ቀድሞ ይዘጋልና ከሬዲዮው አስቀድሚው።

የአዘዞ_ነጋዴ · ጥቅምት 9

እንዲህ ከሆነ ተስማማሁ። ጋሼ፣ እኔ ብዕሩን ተዪው ያልኩት ባዶ ሙገሳውን ነው።

ማተሚያ_ቤት · ጥቅምት 10

በማተሚያ ቤት ስለምሠራ ስለ ወረቀቱ ትንሽ ልበል። 1,000 በራሪ ወረቀት ሥራ አልሠራም ያልሽው እውነት ነው። ሰው ፒያሳ ላይ በእጁ ቡና ወይ ስልክ ይዟል። ሳያነበው ይጥለዋል።

ከሁሉ የሚረክሰውና ማንም የማያስበው ማስታወቂያ ማሸጊያው ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ነው። ኩሽና ውስጥ ወር ሙሉ ይቀመጣል። እንግዳ ይመጣል፣ «ይኼ ሽሮ ከየት ነው?» ይላል፣ የቤቱ እመቤት ማሸጊያውን ታሳየዋለች። ስለዚህ ስቲከሩ ላይ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር ይኑር። የተፈጨበት ቀን ይኑር። ውስጡ ያለው በሙሉ ይጻፍ። ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ እያልሽ ዘርዝሪው። «የተለያዩ ቅመሞች» አትበይ። ለአንድ ማንኪያ ሽሮ ስንት ውሃ እንደሚበቃም እናትሽ ይንገሩሽ። ያንን የሚጽፍ እስካሁን አላየሁም።

ስልኩን ከስሙ እኩል አግዝፊው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ሳይታተም በፊት ስልኩን ከወረቀቱ ላይ እያየሽ ራስሽ ደውይበት። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ አንድ አሃዝ ተሳስቶ 2,000 ስቲከር ተጥሎበታል። ያሳዝናል።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ከኢትዮጵያ አንደኛ»፣ «ለጨጓራ ፍቱን» የሚሉ ደንበኞች ይመጡብናል። አታስገቡት እንላቸዋለን። ማረጋገጥ የምትችይውን ብቻ ጻፊ።

ባልትና_ጎንደር · ጥቅምት 14

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉት እናቴን ጠየቅኳት። ሁለት ምሽት አወራችኝ። ለሬዲዮ ያዘጋጀሁት መጀመሪያው እንዲህ ነው፦

«የባልትና ምርቶች ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅለው መሸጣቸው ለማኅበረሰባችን ጤና አሳሳቢ ከሆነ ሰነባብቷል። ይህን ችግር ከመሠረቱ ለመቅረፍ ድርጅታችን የግንዛቤ ማስጨበጫ መርሐ ግብር በማዘጋጀት…»

የሬዲዮ_ሰው · ጥቅምት 14

እህቴ፣ እናትሽ ሁለት ምሽት ያወሩሽ ይኼን ነው? አይመስለኝም። እሳቸው እንዴት እንደ ጀመሩልሽ ጻፊልኝ። «ድርጅታችን» የሚለውን አውጪው። እናትና ልጅ ናችሁ፤ ሰው የሚወደውም ይህንኑ ነው።

ባልትና_ጎንደር · ጥቅምት 15

ልክ ነዎት ጋሼ። ትናንት ማታ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ምርት» ስል አስቆመችኝ። «ሽሮ በይው እንጂ! ስም አለው አይደል?» አለችኝ። እንደገና ጻፍኩት፦

«በርበሬ ሲገዙ አንድ ማንኪያውን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ላይ ይበትኑ። ቶሎ ወደ ታች የሚወርድና በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር ካለ አፈር ነው። ይህን የሚሉት ጎንደር ውስጥ ለ30 ዓመት ባልትና የሠሩ እናት ናቸው። ቅዳሜ ኅዳር 6 ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ ቅዳሜ ገበያ ታች ባለው ሱቃቸው ደጅ፣ በርበሬውን ይዞ ለመጣ ሁሉ በነጻ ፈትነው ያሳያሉ።»

የሬዲዮ_ሰው · ጥቅምት 15

ይኼ ነው! ይኼን ማይክራፎን ፊት ሳልለውጥ አነበዋለሁ።

ማራኪ_ካምፓስ · ጥቅምት 15

እኔ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ አንድ ነገር ይታረም። የተዘጋጀ በርበሬ ውስጥ ቅመምና ጨው አለ። ከቅመሙም የሚዘቅጥ ይኖራል። ስለዚህ «አፈር ነው» አትበይ፣ «አፈር ወይም ጡብ ሊሆን ይችላል» በይ። ፈተናው ጥሩ የሚሠራው ቅመም ያልገባበት የተፈጨ ዛላ ላይ ነው። ሰው እቤቱ ሞክሮ ንጹሕ በርበሬውን ቢደፋ ኃላፊነቱ እናንተ ላይ ነው።

ሽሮውን ደግሞ በዱቄትነቱ አትፈትኑ። ጓያ ከተፈጨ በኋላ በዓይን አይለይም። በጥሬው ግን ይለያል። ሽምብራ ክብ ሆኖ ጫፉ ላይ ምንቃር የመሰለች ነገር አለችው። ጓያ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ ምሳር የሚመስል ነው። ደንቢያ ያደገ ሰው የጓያን ነገር ያውቃል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ይሰንፋል። ስለዚህ ማሳየት የምትችሉት ጥሬውን ነው።

የልደታዋ_እናት · ጥቅምት 16

ልጄ፣ እኔ ገዢ ነኝ። ጽሑፍሽ ደስ ይላል። አንድ ነገር ልምከርሽ። የጎረቤት ሱቅ የሚነካ ቃል አይግባበት። «እነ እገሌ ይቀላቅላሉ» የሚመስል ነገር እንዳይወጣሽ። ገበያ ላይ አብራችሁ ትውላላችሁ፣ እድርም አብራችሁ ናችሁ። ሰው የእናትሽን ዕውቀት ይስማ፣ ፍርዱን ራሱ ይስጥ።

ባልትና_ጎንደር · ጥቅምት 16

እሺ እማማ። «ሊሆን ይችላል» አልኩት፣ «ቅመም ያልገባበት ዛላ በርበሬ» የሚልም ጨመርኩ። እናቴም ልክ እንደ እርስዎ ነው ያለችኝ።

ሌላ ጥያቄ። በደብተሬ ከ140 በላይ የደንበኛ ስልክ አለኝ። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፣ ቴሌግራም የላቸውም። በአጭር መልእክት ብልክስ?

የስልክ_ባለሙያ · ጥቅምት 17

ላኪ፣ ግን ቁጠሪ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ሲጻፍ 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታና ነጥቡም ይቆጠራል። 71ኛው ላይ ሁለት መልእክት ይሆናል፣ ሂሳቡም የሁለት ነው። ደግነቱ አማርኛ በጥቂት ፊደል ብዙ ይላል። ይኼን እዪው፦

«የነቢያት ጾም ሽሮ ተፈጨ። ጓያ የለውም። ቅዳሜ ገበያ፣ ወፍጮው ጎን።»

ይኼ 43 ነው። ክፍት ቦታና አሥር አሃዝ ስልክ ስትጨምሪበት 54 ይሆናል። ለስምሽ 16 ይተርፍሻል። «ውድ ደንበኞቻችን እንኳን አደረሳችሁ» ብለሽ ብትጀምሪ ግን ከ70ው 22ቱ በሰላምታ ያልቃል።

ቁጥራቸውን የሰጡሽ ለመልእክት መሆኑን አረጋግጪ። «አትላኪብኝ» ያለችሽን ሰርዢያት። በወር ከአንድ አታብዢ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ 1,024 ፊደል ነው። ያን ያህል አያስፈልግሽም። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዋናውን አስቀምጪ፣ ማሳወቂያው ላይ የሚታየው እሱ ነው።

የቀሃ_ልጅ · ጥቅምት 19

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግቢና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእንግዳ ጋር እውላለሁ። ከውጭ ሀገር የሚመጡ ያገራችን ልጆች ሁሌ «ጥሩ በርበሬ የት አለ?» ይሉኛል። የት ብዬ ልላካቸው? የማውቀው የእናቴን ቤት ነው። ሆቴል መቀበያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ካርድ ጻፊና እኔም አደርሳለሁ።

ካርዱ ላይ ግን እባክሽ ቤተ መንግሥቱን አታድርጊ። ፋሲል ግቢ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የዓለም ቅርስ ነው፣ እንኮራበታለን። ከተማችን ውስጥ ግን ፋሲል የሚል ስም የሌለው ምን አለ? ሆቴሉ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ኳስ ክለቡ። ካርዱን ያየ ሰው ከሌላው አይለይሽም። የእናትሽን እጅና የበርበሬውን ዛላ ፎቶ አድርጊ። እንግዳ የሚፈልገው «ይታሸጋል ወይ? ሻንጣ ውስጥ ይሸታል ወይ? ስንት ጊዜ ይቆያል?» ነው። እነዚህን ሦስቱን መልሺለት።

ጥምቀት ጥር 11 ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ይሞላል። ካርዱ ከገና በፊት ይድረስ። በጥምቀት ሳምንት ሆቴል ሄደሽ ሰው ልታናግሪ ብትይ ማንም ጊዜ የለውም።

የጎንደር_ልጅ_አዲስ_አበባ · ጥቅምት 20

እናቴ ካረፈች ወዲህ በርበሬ ከጎንደር የሚልክልኝ የለም። እዚህ የምገዛው ምንም አይልም፤ ግን የማን እጅ እንደ ነካው አላውቅም። የእናትሽን ሁለት ምሽት ወሬ ሙሉውን ጻፊው። በርበሬውን ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደምታሰጣ፣ ስንት ጊዜ እንደምትለቅም፣ ነጭ ሽንኩርቱን መቼ እንደምትወቅጥ። እኔ እሱን ባነብ ዋጋ ሳልጠይቅ አዝዛለሁ። በአውቶቡስ ትልኩልኛላችሁ?

ባልትና_ጎንደር · ጥቅምት 20

እንልካለን እህቴ። እናትሽን ነፍስ ይማር። ለእናቴ ነገርኳት፣ «የሷን እኔ በእጄ እለቅመዋለሁ» ብላለች።

ባልትና_ጎንደር · ኅዳር 8

ቅዳሜ አለፈ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋዜጣው አልመለሰልኝም። ዘግይቼ ነው የላክሁት፣ ጋሼ ነግረውኝ ነበር። የመጀመሪያው ሬዲዮ ጣቢያ «ማስታወቂያ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ጋ የጠዋት ፕሮግራም የምታዘጋጀው ልጅ ሐሙስ ዕለት ደወለች። እናቴን በስልክ አሥራ ሁለት ደቂቃ አነጋገረቻት። እናቴ የሱቁን ስም ሳትጠራ ልትጨርስ ነበር፤ አዘጋጇ ራሷ ጠየቀቻት።

ቅዳሜ 26 ሰው በርበሬውን ይዞ መጣ። አንዲት እናት በርበሬዋ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ እልል አለች። ያንን በርበሬ የሸጠላት ደግሞ ጎረቤታችን ያለው ሱቅ ነው። መጥቶ እናቴን አመሰገናት። የልደታዋ እማማ፣ ምክርዎ እዚያ ላይ ነው የገባኝ።

ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ አዲስ ገዢ 31 ነው። በደብተሬ እንዳለው፣ 9 ሰው በሬዲዮ፣ 5 በቴሌግራም፣ 3 ማሸጊያ ላይ ያለውን ስቲከር አይተው ነው የመጡት። 14ቱ «ሰው ነገረኝ» ነው ያሉት። «ምን ብሎ ነገረሽ?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። አንድም ሰው «ጥራት» አላለኝም። ሁሉም የብርጭቆውን ነገር ነው ያወሩልኝ።

የሬዲዮ_ሰው · ኅዳር 8

14ቱን በደንብ ያዢልኝ። የሰማው ላልሰማው አሰማ ማለት ነው። ለዚያች አዘጋጅ ደውለሽ አመስግኛት፣ 26 ሰው እንደ መጣም ንገሪያት። ወረቀት ልኮ ውጤቱን ተመልሶ የነገረኝ ሰው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ቢሆን ነው። ስማቸውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

የልደታዋ_እናት · ኅዳር 9

ልጄ፣ እኔ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ስለነበርኩ አመለጠኝ። የሽሮውስ መቼ ነው?

ባልትና_ጎንደር · ኅዳር 9

እማማ፣ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። ጽሑፉን ዛሬ ጠዋት እናቴ ነግራኝ ጻፍኩት። ለሬዲዮዋ ልጅም ልኬዋለሁ፦

«ሽሮ ከመግዛትዎ በፊት ጥሬውን ይዩ። ሽምብራ ክብ ነው፣ ምንቃር አለው። ጓያ ምሳር ይመስላል። ሁለቱን ሰፌድ ላይ አድርጌ ቅዳሜ ኅዳር 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ደጄ ላይ አሳያለሁ። የራስዎን እህል ይዘው ቢመጡ አብረን እንለቅማለን። ልጆችም ይምጡ፣ ዓይናቸው ከእኔ ይሻላል።»